ትንሿን ሞተር ለረጅም መንገድ ስናሰናዳ ከክብደቷ እንነሣ

ለጋዜጣው ክቡር አዘጋጅ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጋዜጣችሁ ስለ ሞተር ሳይክል በየጊዜው የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በትኩረት እንደምከታተል መግለጽ እወዳለሁ። ይሁንና ጽሑፎቹ አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ውስጥ ሰውና ዕቃ በሚያመላልሱ ሞተሮችና በሚደርሱት አደጋዎች ላይ የሚያተኩሩ በመሆናቸው፣ እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እየተስፋፋ የመጣ አንድ ሌላ ጉዳይ ሳይነሣ ቀርቷል። ይኸውም ወጣቶቻችን በአስፋልትም በኮረኮንችም የሚነዱትን ትናንሽ ሞተሮች እየገዙ፣ በየጋራዡና በየብየዳ ቤቱ ክፍላቸውን እያስቀየሩና እያስጨመሩ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደላንታ፣ ወደ ሳይንት፣ ወደ ላሊበላና በባቲ በኩል ወደ ቆላው ረጅም ጉዞ ማድረግ መጀመራቸው ነው። እኔ በኮምቦልቻ ሞተር እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝና ይህን ልማድ በደስታ ነው የምመለከተው። ወጣቱ አገሩን በእግሩና በዓይኑ እንዲያውቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ ብዙ የለም። የሚያሳስበኝ ማሻሻያው የሚደረግበት አኳኋን ነው። ትንሿ ሞተር ለወሎ ተራራ የተመቸችው ቀላል ስለሆነች ሆኖ ሳለ፣ እኛ ለጉዞ እናሰናዳት ስንል አስቀድመን የምንነሣት ይህንኑ ቅለቷን ነው።

የምናገረው በግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በዕርዳታ ድርጅቶች እጅ ለረጅም ዓመታት ሲያገለግሉ ስለምናውቃቸው ስለ እነ ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125፣ እንዲሁም ከእነሱ በኋላ ስለመጡት እስከ 250 ሲሲ የሚደርሱ ተመሳሳይ ሞተሮች ነው። የብዙዎቹ የፊት ጎማ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ሲሆን፣ ሆዳቸው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ክብደታቸውም ከ100 እስከ 150 ኪሎ ባለው ውስጥ ነው። በሌላው ዓለም ለረጅም ጉዞ ተብለው የሚሠሩት ትላልቅ ሞተሮች ደግሞ በአብዛኛው ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። «አቅም ካለህ ትልቁን ግዛ» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ዋጋው ቢመጣጠን እንኳ ለወሎ ትንሿን ነው የምመርጠው። ጭቃ ውስጥ የወደቀች የ120 ኪሎ ሞተር አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። የ220 ኪሎዋ ባለቤት ግን አላፊ አግዳሚ እስኪመጣለት ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም፤ በክረምት የደላንታ መንገድ ላይ ደግሞ ያ ሰው ቶሎ ላይመጣ ይችላል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለጉዞ የሚሰናዳ ወጣት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብየዳ ቤት ነው። እዚያም ከኋላ ትልቅ ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ)፣ ከግራና ከቀኝ የላሜራ ሳጥን ማስቀመጫ ያሠራል። ብየዳ ቤቶቻችን እጃቸው ላይ በብዛት የሚገኘው አንጎላሬ፣ ማለትም የማዕዘን ቅርጽ ያለው ብረት፣ ስለሆነ በእሱው ይሠሩለታል። 40 በ40 ሆኖ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንጎላሬ በአንድ ሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለአንድ ፖርቶመጋላ ከነድጋፉ 4 ሜትር ቢፈጅ፣ ገና አንዲት ሸሚዝ ሳይጫን 10 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ይኸው ሥራ 16 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ቱቦ ቢሠራ በሜትር ከግማሽ ኪሎ ብዙም ስለማያልፍ፣ ጠቅላላው 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ክብ ቱቦ በትክክል ከታጠፈና በሰያፍ ድጋፍ ከተያያዘ ለልብስ፣ ለድንኳንና ለምግብ ከበቂ በላይ ይሸከማል። አንጎላሬው የሚጨምረው ጥንካሬ ቢኖር እንኳ ከስሩ ያለው የሞተሯ አካል ያን ያህል ስለማይችል ከንቱ ነው።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን አገጣጠሙ ነው። አንጎላሬው የሚበየደው በቀጥታ በሻንሲው፣ ማለትም በሞተሯ አጽም ላይ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ሻንሲ፣ በተለይ ከመቀመጫው ሥር ያለው የኋላ ክፍል፣ ግድግዳው ስስ በሆነ የብረት ቱቦ የተሠራ ነው። በኤሌክትሪክ ብየዳ ሲመታ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ከፍተኛ ሙቀት ወስዶ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ የቀድሞ ጠባዩን ያጣል፤ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የኮረኮንቹን ንዝረት ቀን ከሌት ሲቀበል፣ የሚሰነጠቀው ብየዳው ሳይሆን ከብየዳው ጥግ ያለው ጤነኛ የሚመስለው ቱቦ ነው። በቅርቡ ከሳይንት የተመለሰ አንድ ወጣት «ከኋላ ትወላገዳለች፤ ጎማውን እይልኝ» ብሎ ሞተሩን አመጣልኝ። ጎማውም ኩሽኔታውም ደህና ነበሩ። መቀመጫውን አውርጄ ፖርቶመጋላው የተበየደበትን ቦታ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ስጠርገው፣ ከብየዳው ጠርዝ ጥግ ፀጉር የምታህል መስመር የቱቦውን ዙሪያ ከግማሽ በላይ ዞራዋለች፤ በመስመሯ ዳርና ዳር ቀለሙ ተነሥቶ ደቃቅ ቀይ ዝገት ወጥቷል። በግራው በኩል ያለው ቱቦ ደግሞ ጨርሶ ለቋል። ወጣቱ በዚህ ሁኔታ ከነጭነቱ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ነበር ወደ እኔ የመጣው። ብየዳውን የሠራው ባለሙያ ሰነፍ አልነበረም፤ ብየዳው ንጹሕና ጠንካራ ነበር። ያልተነገረው ነገር ቢኖር በዚያ ቦታ ላይ ፈጽሞ መበየድ እንደሌለበት ነው።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። ያማሃ ኤጂ 100ን ልብ ብሎ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ይህች ሞተር ለእርሻ ሥራ ታስባ የተሠራች በመሆኗ ከፊትና ከኋላ የጭነት ማስቀመጫ ከፋብሪካው ይዛ ነው የምትመጣው፤ ማስቀመጫውም በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል፣ ይቀየራል። እኛም ፖርቶመጋላውን ለብቻው በይደን ስናበቃ፣ ፋብሪካው በተዋቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ላይ፣ ማለትም በመቀመጫው፣ በኋላ ጭቃ መከላከያውና በተሳፋሪ እግር ማሳረፊያው ማሰሪያዎች ላይ ማሰር እንችላለን። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ቱቦውን የሚያቅፍ ማሰሪያ ከውስጡ ጎማ እየተደረገበት ይታሰራል። ቡሎኖቹ በንዝረት እንዳይላሉ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ማድረግ፣ ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላም አንድ በአንድ ማጥበቅ ያስፈልጋል። በማናቸውም ምክንያት ሞተሯ ላይ ብየዳ የግድ ከሆነ፣ ባትሪው ይፈታ፤ የብየዳው ምድር ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያያዝ። አለበለዚያ ኃይሉ በኩሽኔታዎችና በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውስጥ አልፎ ያበላሻቸዋል።

ጭነቱ የሚቀመጥበት ቦታም ከመጠኑ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። ከኋላ ጎማ መሐል አልፎ ወደ ኋላ የወጣ ጭነት የፊት ጎማውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ዳገት ላይ መሪው ይቀላል፣ ኮረኮንች ላይ ሞተሯ መያዣ ታጣለች። ከባድ ዕቃ፣ ማለትም መፍቻ፣ ውኃና መለዋወጫ፣ ዝቅ ብሎና ወደ ነጂው ተጠግቶ መጫን ይኖርበታል። ስለዚህ ከላሜራ ሳጥን ይልቅ በሁለት ወገን የሚንጠለጠል የሸራ ሻንጣ የተሻለ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢም ሆነ እዚህ ኮምቦልቻ ወፍራም ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉን፤ ልኩ ከተሰጣቸው አሳምረው ይሠሩታል። ሸራ በወደቁበት ጊዜ እግር አይሰብርም፤ የላሜራ ሳጥን ጠርዝ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ሁለተኛ አያሠራውም። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለው ሻንጣ እንዳይቃጠል ግን በመካከሉ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ያለው የላሜራ ጋሻ ይደረግለት።

አሁን ወደ ሐረጎ ልመለስ፤ ምክንያቱም ማንኛውም ማሻሻያ የሚመዘነው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ የከፍታው ልዩነት አብዛኛው ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ተከማችቷል። ሞተሯ 120፣ ሰውየው 70፣ ጭነቱ 40 ኪሎ ቢሆኑ፣ ይህን ከፍታ ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ከ4 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው በስተቀር የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚወርዱ ልጆች ይህን ሁሉ ሙቀት አንዲት ስስ የፍሬን ሸራ ላይ ያራግፉታል። ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ነጂው ሲጫን ይበልጥ ይግላል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ሞተሮችም ቢሆኑ ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ነገር ነው፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላበት ዝቅተኛ ወለል 230 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ የፍሬኑ መያዣ ባዶውን ይገባል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ሸራዎቹን ከጉዞ በፊት ከፍቶ ማየት፣ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ከፓውዛም ከሳጥንም በፊት የሚቀድሙ ሥራዎች ናቸው። የኋላ ሞላውንም ጭነቱ ሲጨመር ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ሞላው ሙሉ በሙሉ ከተጫነ የኋላ ጎማው መሬቱን መከተል ስለሚያቅተው ፍሬኑም አይረዳም።

በአነስተኛ ወጪ ከፍተኛ ለውጥ የሚያመጣው ማሻሻያ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ጥርሶች መቀየር ነው። የፊት ጥርሱ 14 የነበረውን በ13 ብንተካ፣ ሞተሩ በተመሳሳይ ዙር የሚሰጠው ፍጥነት በ7 በመቶ ይቀንሳል፤ 80 ይሄድ የነበረው በ74 ይሄዳል፤ በጎማው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ግን በዚያው ልክ ይጨምራል። ሞተሯ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እየጮኸች ከመውጣት ይልቅ በሁለተኛ ትወጣለች፤ በቁልቁለትም ሞተሩ ይበልጥ ይይዛታል። የኋላው ጥርስ 45 ቢሆን፣ ወደ 48 ከፍ ማድረግ ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ውጤት ይሰጣል፤ የፊቱ ግን ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ሥራውም የግማሽ ሰዓት ነው። የወልድያን አስፋልት ብቻ ለሚመላለስ ሰው ይህ ለውጥ አያስፈልገውም። ጭነት ይዞ ወደ ደላንታና ወደ ሳይንት ለሚወጣ ሰው ግን ካሉት ማሻሻያዎች ሁሉ ይህን ነው የማስቀድምለት።

ከፍታን በሚመለከት አንድ ነገር በተለይ ለባለ ካርቡሬተር ሞተሮች መነገር አለበት። በደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ሞተሩም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ለዚህ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ፣ ቀዳዳው ጠበብ ባለ መቀየር ትክክለኛ መፍትሔ ነው። አደገኛው ነገር በዚሁ ጄት በባቲ አልፎ በአፋር ቆላ ወዳለችው ሚሌ መውረድ ነው። ሚሌ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ በዚያ ወፍራም አየር ለደሴ የተስተካከለው ድብልቅ ይሳሳል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ እንደ ዲቲ ባሉ ዘይትና ቤንዚን አብረው በሚያቃጥሉ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ የኋላ ጎማው በድንገት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የፋብሪካውን ጄት በመፍቻ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መሄድና ባቲን ሳያልፉ መልሶ መግጠም ያስፈልጋል። ቤንዚን በመርጫ የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ግፊቱን በራሳቸው ስለሚለኩ ይህ አይመለከታቸውም።

ስለ ቤንዚን ብዙ አልልም። 10 ሊትር የሚይዝ ታንከር ያላት ሞተር በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከደሴ ወልድያ ደርሳ ለመመለስ፣ ማለትም ለ240 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይበቃታል፤ ተጨማሪ ታንከር የሚያስፈልገው ማደያ ቢኖርም ቤንዚን ላይኖርበት በሚችል አቅጣጫ ለሚጓዝ ሰው ነው። ስለ መብራት ግን አንድ ቃል ልጨምር። የትናንሽ ሞተሮች ዲናሞ የሚያመነጨው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ሁለትና ሦስት ፓውዛ ሲጨመርበት ባትሪው ይራቆታል። ከዚህም በላይ ደሴና ሐረጎ በክረምት በጉም ይሸፈናሉ፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነጭ ፓውዛ በጉም ውስጥ ብርሃኑ ተመልሶ የራስን ዓይን ያውራል፤ ከፊት ለሚመጣው የጭነት መኪና ሾፌርም መንገዱን ያጠፋበታል። አንድ በቂ ነው፤ እሱም ዝቅ ብሎ ይሰቀል፤ የራሱ ፊውዝም ይኑረው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሦስት ነገር ለመጠየቅ ነው። አንደኛ፣ በተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ ለቦሎ ሲመረመሩ፣ መርማሪዎች የሞተሮችን መቀመጫ አንሥተው በሻንሲ ላይ የተጨመረ ብየዳ መኖር አለመኖሩን ቢያዩ፤ የትኛው ለውጥ እንደሚፈቀድና የትኛው እንደማይፈቀድም ማንም ሊያነበው በሚችል አማርኛ ተጽፎ በምርመራው ቦታ ቢለጠፍ። የሚፈቀደውን አስቀድሞ ያወቀ ባለሞተር ሕጉን አክብሮ ይሠራል፤ ያላወቀ ግን የሠራውን ለመደበቅ ይሞክራል። ሁለተኛ፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎችና መምህራን በቡሎን የሚታሰር ቀላል ፖርቶመጋላ ለጥቂት የታወቁ ሞተሮች ነድፈው፣ በጭነትና በንዝረት ፈትነው፣ ልኩን ለብየዳ ቤቶች ቢያካፍሉ። ለተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል፤ ለብየዳ ባለሙያዎቻችንም ደንበኛው በነገራቸው ብቻ ከመሥራት ይልቅ የሚመሩበት ልክ ይኖራቸዋል። ሦስተኛ፣ መስከረም 21 ቀን በሚከበረው የግሸን ማርያም ንግሥ ብዙ ባለሞተሮች ወደ አምባሰል ተራራ ስለሚወጡ፣ ጋዜጣችሁ ይህን ደብዳቤ ከዚያ በፊት ቢያወጣልኝ።

እኔ በበኩሌ ለዲቲ 125 እና ለኤክስኤል 125 በቡሎን የሚታሰር ፖርቶመጋላ የምሠራበትን ልክ በወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። ወደ ጋራዤ ለሚመጣ ማንኛውም የብየዳ ባለሙያ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ ኢንስቲትዩቱ ለሙከራ የሚፈልገው ከሆነም ከነናሙናው አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ጥገና ባለሙያ
ከኮምቦልቻ